በምስጋና ተቀብለናል

ማክሰኞ ማታ፣ ከተማው በሙሉ ሆኪ ያያል፤
በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት አንድ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል።
ስድስት የብረት ወንበር፣ እግሩ የሚነቃነቅ ገበታ፤
ደመወዝ የለ፣ አበል የለ፣ ትርፉ ያው ማታ።
ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ፤
ቀለሙ በብርድ ሲረጋ፣ ከብዕሬ አልወጣም ብሎ፣
በትንፋሼ አባብለዋለሁ፣ እስኪመጣ ተከትሎ።

ሙሪየል ሰብሳቢ ናት። ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች፤
ዛሬም ስብሰባ ከመክፈቷ በፊት ቀና ብላ ትቆጥራለች፣
የቀረ ልጅ እንዳለ።
ቴዎፊል ላም አልቦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሽታው ቀድሞት ከተፍ አለ።
ዳርሲ ከመድኃኒት ቤት፣ ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ፤
ኦዴት ሹራብ ትሠራለች፤ እጇ ከክሩ፣ ጆሮዋ ከእኛ አይርቅ።
ከሕዝብ ወገን አንድ ሰው ይመጣል፤ ስሙን አናውቅም፤
ለማሞቂያው ብሎ ነው፤ ጥግ ይይዛል፣ አስተያየት አይሰጥም።

ስድስተኛው ኤልዶን ነበር።
ጧት ጧት ከውሻው ጋራ ድልድዩ ሥር ወርዶ፣
ራሱ ባሰመረው ምሰሶ ላይ ውሃውን ያነባል ማልዶ።
«በወፍጮው መንገድ ሥር ያለው ቱቦ ጠቦናል» አለ በመጀመሪያው ዓመት፤ ጻፍሁ።
በሁለተኛው «ጠቦናል» አለ፤ ጻፍሁ።
በአራተኛው ቁጥሩን ብቻ ጠራ፤
ዐረፍተ ነገሩን እኔው ሞላሁት፣ እጄ ለምዶት ሥራ።

እኛ እንመክራለን እንጂ አንወስንም፤
ሕጉ ነው፤ ገንዘቡም ማኅተሙም እኛ ጋ የለም።
ደብዳቤያችን ፎቅ ይወጣል፤
በሦስተኛው ሳምንት መልሱ ደረጃውን ይወርዳል፦
«ምክራችሁን በምስጋና ተቀብለናል።»
ዘጠኝ ዓመት። ዘጠኝ ምስጋና።
«ለምስጋናማ ይበቃል ቱቦው» አለ ቴዎፊል አንድ ቀን፣
«ውሃው ነው እንጂ ያስቸገረን።»
ኦዴት ስትስቅ ክሩ ከመርፌው አመለጠ።
ይህን አልጻፍሁም።

ኤልዶን በስድስተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ ሞተ።
ውሻውን ዳርሲ ወሰደች፤
ውሻው ድልድዩን አልረሳም፤ እየጎተታት ትወርዳለች፤
ከወረደች አይቀር፣ ታነባለች።

በሚያዝያ፣ ሌሊት፣ የወንዙ በረዶ ተሰበረ፤
በር የሚያህል ቁራጭ በቁራጭ ላይ ተከመረ፣
ቱቦው አፍ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ።
ወንዙ በታች ቢከለከል በላይ መጣ፤
ሰው አልሞተም፣ አስቀድሜ ልናገር፤
አሥራ አንድ ቤት ግን እስከ መስኮቱ ጠጣ።
«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ተረቱ፤
እምቢ ያለው ግን ኮረብታ ላይ ነው ቤቱ።
መከራው የመከረው ከታች ያሉትን ነው፣
ቱቦው መጥበቡን ከእኛ በፊት የሰሙትን፣
በየዓመቱ በረዶ ሲቀልጥ ጓዳቸው እየረጠበ።

የእኛም ምድር ቤት ሞላ። ሣጥናችን ተንሳፎ ተገኘ።
ወደ ቤቴ ወሰድሁት፤ ኩሽናዬ ውስጥ ገመድ ወጥሬ
ዘጠኝ ዓመት ማክሰኞን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልሁ፣ አንድ በአንድ ቆጥሬ።
ቀለሜ ሟሙቷል። ማን አቀረበ፣ ማን ደገፈ፣ አይለይም፤
ሙሪየል ወደ ኦዴት ፈስሳለች፤ ኤልዶን የት እንዳበቃ አይታይም።
የፎቁ ደብዳቤ ብቻ፣ በማሽን ታትሟልና፣ ፊደሉ አልደበዘዘም፦
«በምስጋና ተቀብለናል።»

ማክሰኞ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን፣
በሕፃናት ወንበር፣ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካን።
መቶ ሰው መጣ። ጭቃው ገና ከጫማው ያልለቀቀ።
ከፎቁም ሁለቱ መጥተዋል፤ ዐይናቸው ከወለሉ አልራቀ።
ቴዎፊል ተነሣ፣ ጆሮው ቀልቶ፦
«ይጻፍ! ነግረናችሁ ነበር ተብሎ ይጻፍ!»
ሙሪየል ቀና አለች። እስከ በሩ ድረስ ቆጠረች።
«አይጻፍ» አለች። «ለመጪው ውሃ ምን ይረባዋል?
አጀንዳ አንድ፦ ቱቦው።»
ዳርሲ የጧቱን ቁጥር አነበበች።

ያ የማሞቂያው ሰው ጥጉን ተቀምቶ በሩ ጋ ቆሟል፤
በዘጠኝ ዓመቱ ዛሬ እጁ ወጥቷል።
«የሚመጣ ሰው ካላችሁ ልጠብቀው፤
አለዚያ» አለ፣ «ያ ስድስተኛው ወንበር የማን ነው?»
ስሙን ጠየቅሁት፣ ለመዝገቡ። ነገረኝ።
በእርሳስ ጻፍሁት፤
እርሳስ ውሃ አይፈራም።